«ዝቅ አድርጉት አልኩ እንጂ ግደሉት መቼ አልኩ?»

የእህቴ የመልስ ማታ ነው፤ ጥር ውስጥ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጎረቤታችን እማማ በድንኳኑ ጓሮ በኩል ገብተው እጄን ያዝ አደረጉኝ። ውስጥ ጭፈራው ደርቷል። የጎጃም ምት ይመታል፣ ትከሻ ሁሉ አብሮ ይረግፋል፣ አጎቴ ጋቢውን ወዲያ ጥሎ መሬት እስኪነካ ድረስ እስክስታውን ይወርደዋል። እማማ ወደ ጆሮዬ ተጠጉና «ልጄ፣ ሽማግሌው አልተኛልኝም። እባክህ ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ» አሉኝ። የተናገሩት ጮኸው ነው፤ አለዚያ አይሰማኝም ነበር።

ባለቤታቸው አባባ ከታመሙ ሰንብተዋል። እኛ ይህን እያወቅን ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ከነቤዙ ተከራይተን አጥራቸው ሥር ተክለናል። አፈርኩ። ሮጥ ብዬ ዲጄው ጋ ሄድኩና በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተከራከረኝም። አንዲቱን ቁልፍ ይዞ ወደ ግራ አዞራት።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዘፈኑ አልቆመም። እንዲያውም ግጥሙ ከቅድሙ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማ ጀመር፤ ዘፋኙ ምን እንደሚል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ግን ትከሻዎቹ ዘገዩ። አጎቴ ጎንበስ ካለበት ቀና አለ፤ ዙሪያውን ተመለከተና ጋቢውን ከመሬት አነሳ። ወደ ጠረጴዛው የሚሄደው ሄደ። የሳህን ኳኳታ፣ የወንበር መንቋቋት፣ የሰፈር ውሻ ሁሉ ይሰማ ጀመር። አንዱ ዘፈን እንኳ ሳያልቅ መሐሉ ባዶ ሆነ።

እማማ አልሄዱም ነበር። እናቴ ግድ ብላ ጠላ አስይዛቸው ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ባዶውን መሐል አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነው። «ዝቅ አድርጉት አልኩ እንጂ ግደሉት መቼ አልኩ?» አሉ። ብርጭቆውን ሳይጨርሱ አስቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። የሰው ድግስ ያፈረሱ መስሏቸው እንደነበር ገብቶኛል። ተከትያቸው ወጥቼ «ኧረ የለም» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ምክንያቱም እውነትም የሞተ ነገር ነበር፣ ማን እንደገደለው ግን እኔም አላወቅኩም።

ቁልፏ እኩል ነበር የቀነሰችው

ሙዚቃ ሲጮህ ለምን ይጥማል ቢሉኝ ከዚያ ማታ በፊት መልሴ አጭር ነበር፤ ጉርምስና ነው፣ ሞቅታ ነው፣ ልማድ ነው እል ነበር። አባቴም ወጣት ሳለሁ ቴፑን ከፍ ሳደርግ «ጆሮህ ምን ሆነ?» ነበር የሚለኝ። የመልሱ ማታ ግን ይህ ሁሉ አልሠራም። ሰዉ ያው ሰው ነው፣ ሞቅታው ያው ነው፣ ዘፈኑም ያው ነው። ከዘፈኑ ላይ አንድም መሣሪያ አልተነሳም። ታዲያ ምን ጎደለ?

መልሱን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ይሠሩ የነበሩ ሃርቬይ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን የጆሮ ማዳመጫ አስደርገው ድምፅ ያሰሟቸዋል። ወፍራምም ቀጭንም ድምፅ እያሰሙ፣ ከአንድ መካከለኛ ድምፅ ጋር ጉልበቱ እኩል ሆኖ የሚሰማው መቼ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ያገኙት ነገር ጆሯችን ፍርደ ገምድል መሆኑን ነው። ድምፅ እየቀነሰ ሲሄድ ጆሮ ሁሉንም እኩል አይቀንስም። የሰው ንግግር ያለበትን መካከለኛውን አጥብቆ ይይዛል፤ ወፍራሙን ቀድሞ ይጥለዋል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 50 ሄርዝ ላይ ያለ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚነዝር ወፍራም ድምፅ ጨርሶ እንዲሰማን ብቻ፣ 1,000 ሄርዝ ላይ ካለው ከ40 ዴሲቤል ያላነሰ ብልጫ ይፈልጋል። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፤ ሲያነቡት ትንሽ ይመስላል እንጂ 40 ማለት በኃይል 10,000 እጥፍ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ግን ይህ ክፍተት ይጠባል፤ ሠርግ ቤት በምንሰማበት ልክ ሲደርስ በዴሲቤል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ዲጄው ቁልፏን ሲያዞር ሁሉንም እኩል ነው የቀነሰው። እኩል ያልቀነሰው የእኛ ጆሮ ነው። የከበሮው ሰፊ ፊትና ቤዝ ጊታሩ መጀመሪያ ወደቁ፤ ማሲንቆው ሳሳ፤ ተለይቶ የቀረው የዘፋኙ ቃል ነው። ግጥሙ ጥርት ብሎ የተሰማኝም ለዚህ ነው፤ የሚሸፍነው አልነበረምና።

ያን ማታ ያየሁት እንግዲህ ይህ ነው። ዘፈኑ አላነሰም፤ ሌላ ዘፈን ሆነ። ወገቡ የተቆረጠ። ሰው ደግሞ በግጥም ትከሻውን አይሰብቅም።

ይህን ሳነብ የአባቴ አሮጌ ቴፕ ትዝ አለኝ። ከፊት ለፊቱ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ ነበረው። ልጅ ሆነን ስንጫነው ቤዙ ስለሚወፍር የማጋነኛ ቁልፍ ይመስለን ነበር። ለካ የተሠራው ለተቃራኒው ነው። ቴፑ ዝቅ ብሎ ሲከፈት ጆሮ የሚጥለውን ወፍራም ድምፅ ለመካስ። ማታ ማታ ሌላው እንዳይረበሽ ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ ሰው የታሰበ ቁልፍ ነው። እኛ ግን ሁልጊዜ የምንጫነው ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተን ነበር።

ትከሻ ከጆሮ ቀድሞ ሲሰማ

ጆሮ ብቻ ግን አይደለም። ጭፈራው ሳይቆም በፊት ከሞንታርቦው ጎን ባለ በርጩማ ላይ ጠላ የሞላ ብርጭቆ አይቻለሁ። ማንም አልነካውም፤ ጠላው ግን ከመሐሉ ወደ ጠርዙ ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ምቱ በወረደ ቁጥር አንድ ክብ። የእኔም ሸሚዝ ደረቴ ላይ እንደዚያው ይል ነበር። ሰው ከዚያ ብርጭቆ በምን ይለያል? እኛም ብዙው ነገራችን ውኃ ነው።

ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ከመስሚያው ክፍል አጠገብ የሚዛን መጠበቂያ አለ፤ ስንዘነበል፣ ስንዘል፣ ዥዋዥዌ ስንጫወት የሚነግረን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኒል ቶድና ፍሬድሪክ ኮዲ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ የሚዛን ክፍል ለከፍተኛ የዳንስ ሙዚቃም ምላሽ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ሲጠጋና ከዚያ ሲያልፍ፣ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ፣ የሚዛኑን ክፍል ይነካዋል። ሰው ሙዚቃን ከፍ አድርጎ መስማት የሚወደው ለዚህ ይሆን ወይ ብለው በጥያቄ አቀረቡት። እኔ ጥያቄያቸውን ወድጄዋለሁ። ቁጭ ብለህ እየሰማህ ዥዋዥዌ ላይ ያለህ ይመስልሃል ማለት ነው። ትከሻህን ሳታዝዘው የሚንቀሳቀሰው ወዶ አይደለም።

በጣና ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ሊቃውንቱ ከበሮውን ከመነሻው አያመጡትም። መጀመሪያ ቁም የሚባለው በድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ዝማሜው በመቋሚያ ይመጣል። መረግዱ ላይ ከበሮውና ጸናጽሉ ረጋ ብለው ይገባሉ፤ ጽፋቱ ላይ ከበሮው ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል። ሌሊቱን ሙሉ የተጠበቀው ጉልበት መጨረሻ ላይ ደረትህ ውስጥ ነው የሚመታው። ከበሮው አጠገብ የቆመ ሰው ያን ጊዜ እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደነበረ ይረሳል። ዜማው ላይ ከፍታ የሚመጣበት ሰዓት አለው፤ ያን ሰዓት የሚያውቁት ደግሞ ከእኛ ሞንታርቦ ብዙ መቶ ዓመት ቀድመው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ስለሱ ብዙ ሲወራ አልሰማሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሙዚቃ ሲጮህ የራስህን ድምፅ አትሰማም። እኔ ድምፄ አያምርም፤ ሰው ፊት አልዘፍንም። የመልሱ ማታ ግን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እየተቀበልኩ ነበር፣ ከጎኔ ያለውም እንደዚያው። ማንም ማንን አይሰማም፤ ሁሉም የሚሰማው አንድ ትልቅ ድምፅ ነው፣ እሱ ውስጥ ደግሞ የራሱ አለበት። ዲጄው ቁልፏን ሲያዞር ድንገት የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ዝም አልኩ። አጠገቤ የነበረችው የአክስቴ ልጅም በዚያው ቅጽበት ዝም አለች። መሐሉ ባዶ ከመሆኑ በፊት መጀመሪያ የሆነው ይህ ነው፤ እኔ ልብ ያልኩት ግን ዘግይቼ ነው።

በገናስ? የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። በዐቢይ ጾም ዝቅ ብሎ የሚደረደር በገና ማንንም አያስጨንቅም፣ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። ወፍራም ሆኖ ሳለ ዝቅ ሲል ለምን አይሞትም? ከ10ሩ አውታሮች ሥር፣ አውታሩ ከበርኩማው በሚያርፍበት ላይ የሚገቡትን ትንንሽ ቆዳዎች ተመልከቱ፤ እንዝራ የሚባሉትን። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል። ያ ንዝረት በወፍራሙ ድምፅ ላይ ጆሮ አጥብቆ የሚይዛቸውን ቀጫጭን ድምፆች ይደርብበታል፤ ጆሮም በእነሱ መሪነት ወፍራሙን ያገኘዋል። በገና ሠሪዎቹ የጆሮን አድልዎ አውቀው መላ ያበጁለት ይመስለኛል። ዝቅ ብሎ የማይሞት ሙዚቃ አለ፤ ግን ከመነሻው ለዚያ የተሠራ ነው። የሠርግ ዘፈን ለዚያ አልተሠራም።

ግድግዳ የሚያሳልፈው

በማግስቱ ጠዋት ድፎ ዳቦ ይዤ እማማ ቤት ገባሁ። አባባ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለዋል። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ። የራስጌያቸው ግድግዳ ከእኛ አጥር በኩል ያለው ነው። እዚያ ቆሜ ነው ማታ ምን እንደደረሳቸው የተረዳሁት።

ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ያቆመዋል። ወፍራሙን ግን አያቆመውም፤ 50 ሄርዝ ያለው አንድ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ያህል ነው፣ የጭቃ ግድግዳ ለሱ ምኑም አይደለም። ስለዚህ አባባ ጋ የደረሰው ግጥሙ አልነበረም፣ ማሲንቆውም አልነበረም፣ የእናቴ እልልታም አልነበረም። ዱም ዱም የሚለው ብቻ ነው፣ ከላይ ደግሞ የቆርቆሮው መንቀጥቀጥ። የእኛን ትከሻ ያነሳው ያው ነገር ነው የሳቸውን እንቅልፍ የነሳው። ሥጋውን እኛ በልተን አጥንቱን ወርውረንላቸዋል።

ይህን ካየሁ በኋላ «ሙዚቃ ሲጮህ ነው» ብሎ መከራከር ከበደኝ፤ ግን መተውም አልቻልኩም። ምክንያቱም ያን ማታ እማማ ከሄዱ በኋላ የሆነውን አይቻለሁ። ሁለቱ አክስቶቼ ከጓዳ ከበሮ ይዘው ወጡ። ሞንታርቦው ይዘጋ አሉ። አንዷ መታች፣ ሌላዋ አወጣች፣ ሴቶቹ ከበቧቸው። ከዚያ ወንዶቹ። ክቡ ጠበበ፤ ትከሻ ለትከሻ እስኪነካካ ድረስ። አጎቴ ጋቢውን ደግሞ ጣለው።

ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይላሉ፤ እኔ ሞክሬ አውቃለሁና እውነት ነው። የአክስቴ እጅ ግን ያውቅበታል። ክቡ ውስጥ ለቆመ ሰው ያ ከበሮ ከሞንታርቦው አያንስም ነበር፤ ከደረቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነውና። አጥሩ ማዶ ግን ሌላ ነው። ደጅ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ አንድ ሜትር ላይ ያደነቆረህ 16 ሜትር ላይ 24 ዴሲቤል አንሶ ነው የሚገኘው። አባቶቻችን ከፍታን የሚያገኙት በመጠጋት ነበር። ሞንታርቦ ያመጣልን ነገር ሳንጠጋጋ መጮህን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው የድንኳን ሰው እኩል እንዲሰማ ብለን፣ ሰፈሩንም አብረን እናሰማዋለን።

የራሳችንም ጆሮ አለ። ከመልሱ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የፉጨት ድምፅ ነበር። በሥራ ቦታ ደኅንነት የሚታወቀው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። እኛ የጨፈርነው ከማታው 1 ሰዓት ጀምሮ ነው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት በአንድ ጆሮ 15,000 ያህል ናቸው፤ የሞተው አይተካም። ይህን የምጽፈው ዘፈን ዝጉ ለማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች ባወጣው መለኪያ ዝም በሉ አላለም፤ አማካዩ ከ100 ዴሲቤል አይለፍ፣ ሰው ጆሮውን የሚያሳርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ይኑር ነው ያለው።

«ይኼ አይደለም»

ዳቦውን ሰጥቼ ይቅርታ ስጠይቅ አባባ እጃቸውን አወናጨፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ነድተዋል፤ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ጎርጎራ። የሞተር ጩኸት ጆሮን ሲጎዳ ከላይኛው ይጀምራል፤ 4,000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን መጀመሪያ ይወስዳል። የልጅ ልጆቻቸውን ድምፅና የወፉን ጩኸት ካጡት ቆይተዋል። ወፍራሙ ግን አብሯቸው አለ።

«እኔን ያላስተኛኝ ጩኸቱ መሰላችሁ?» አሉኝ። «የትኛው ዘፈን እንደሆነ አልያዝ አለኝ እንጂ! ልደርስበት፣ ልደርስበት ስል ዘጋችሁት።» የአልጋውን ጣውላ በጣታቸው መቱልኝ። ዱም፣ ዱዱም፣ ዱም። እማማ ከምድጃው አጠገብ ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ስልኬን አውጥቼ ዘፈኑን ከፈትኩላቸው። ጆሯቸው አጠገብ አስጠጋሁት። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። «ይኼ አይደለም።» እሱ ነው ብዬ ማልኩ። «ይኼ አይደለም አልኩህ፣ ልጄ፤ ይኼ ሲንጫጫ ነው የምሰማው።» ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ አቆምኩት፤ ትንሽ ጮኸ፣ ግን ያው ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ የጥፍር ያህል ናት፤ እሳቸው ያወቁትን ክፍል ማውጣት አትችልም። ለእሳቸው የቀረውን ስልኩ የለውም፣ ስልኩ ያለው ለእሳቸው የለም።

ቤት ሮጥኩና የአባቴን ቴፕ ከነአቧራው አመጣሁት። ከኋላው በገመድ ከስልኬ ጋር አገናኘሁት። በርጩማ ላይ፣ ከትራሳቸው ጎን አስቀመጥኩና ድምፁን ዝቅ አድርጌ «ላውድነስ» የሚለውን ተጫንኩ። እናቴ ከአጥሩ ማዶ ዕቃ ስታጥብ ይሰማኛል፤ ለእሷ ይህ ዘፈን አይደርሳትም።

አባባ መዳፋቸውን ዘርግተው የቴፑ ሳጥን ላይ አሳረፉት። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሌላው እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይመታ ጀመር፤ ዱም፣ ዱዱም፣ ዱም።

«ይኼ ነው» አሉ። «አሁን መጣ።»

እማማ የሚቆሉትን ቡና ከእሳቱ ላይ አንስተው ወደ አልጋው ዞሩ። ምጣዱን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ትከሻቸውን አንዴ ሰበቅ አደረጉት።